ኮልቻኒ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት

አክስቴ ካሲሚራ መለኪያውን ስትሰጠኝ
«ባትሪ አይበላም» አለች፣ «ብርሃን ነው ቀለቡ፤
ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ ጅል ባይሆን ልቡ።
ነጭ ብታሳዪው አመድ፣ ጥቁር ብታሳዪው አመድ፣
ሌላ አልተማረም፣ አያውቅም ሌላ መንገድ።
የሙሽራ ቬሎ አመድ። የቄሱ ቀሚስ አመድ።
የሚሰጥሽ ቁጥር ሁሉን አመድ የሚያደርገውን ነው፤
የቀረውን አንቺ ጨምሪበት።»

ይኸው የጨው ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ።
ከጫማዬ እስከ ሰማይ ጠርዝ ነጭ፤
ጥላ ቢባል የኤሌውቴሪዮ ካሚዮን ሆድ ሥር ያለው፣
እሱንም ውሻው ተኝቶበታል።

ኤሌውቴሪዮ ጨው ይቆርጣል። አርባ ዓመት።
መጥረቢያው ሲያርፍ መሬቱ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል።
ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ባርኔጣውን ቅንድቡ ላይ ደፍቶ
ዓይኑን ብቻ ለሥራ ትቶታል፤
አንዱን ነጸብራቁ በልቶት ደፍርሷል።
«ፎቶ አለኝ እኮ» ይላል፣ «ሦስት።
የሰርጌ አለ፣ የልጄ ክርስትና አለ፣
አንድ መንገደኛ በፖስታ የላከልኝ አለ።
በሦስቱም ባርኔጣ አለ። ከባርኔጣው ሥር ጉድጓድ።
የልጅ ልጄ ‹አያቴ፣ ከሰል ነበርክ ወይ?› ትለኛለች።»

መለኪያውን ወደ ጨው አዞርኩት።
መርፌው ደንግጦ ዘለለ፣ ጥግ ያዘ፤
ሃያ ሁለት።
«ምን አለሽ?»
«ጨው አመድ ነው አለኝ።»
መጥረቢያውን ተደግፎ ሳቀ፣ ሁለት ጥርስ የጎደለው ሳቅ፤
«አርባ ዓመት ስቆርጠው አንድ ቀን እንዲህ አላለኝም!»
አመድ በዱቄት ይስቃል ሲሉ ይህን ኖሯል።

ሁለት ደረጃ ከፈትኩለት። አሥራ አንድ።
አሁን ጨው ጨው ይሆናል፣ ከነስንጥቁ፣ ከነቅንጣቱ።
ሰውየውስ?

«ሻርፑን ዝቅ ያድርጉልኝ።»
መለኪያውን ከባርኔጣው ሥር፣ ከጉንጩ አጠገብ አስገባሁት፣
የገዛ ጥላዬ እንዳያርፍበት ጎኔን አጥፌ።
ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘው፤
በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ጠበቅሁ።
መርፌው እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ አራት።

አራትም ልክ አይደለም።
ይህን ፊት ፀሐይ ከላይ፣ ጨው ከታች ጠብሶታል፣
አመድ ሆኖ ሊወጣ አይገባውም።
አንድ ደረጃ ዘጋሁ።

አሥራ አንድ ለጨው።
አምስት ነጥብ ስድስት ለሰው።

በመካከል ስምንት አለ፣ አስታራቂ ቁጥር።
አክስቴ አስታራቂ ቁጥር አትወድም፤
«ሁለቱንም አስቀይመሽ ትመለሻለሽ» ትላለች።
ነፋሱ ጣቴን አደንዝዞታል፣
ከፊልሙ የቀረኝ አንዲት ናት፣
ሽማግሌው ደግሞ ዓይኑን ሳይጨፍን መቆየት አይችልም፤
እንባው ወርዶ ጢሙ ላይ ደርሷል።

ቀለበቱን ለሰው ወደሚሆነው አዞርኩት።
ቀጭ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኦሩሮ ይዤለት መጣሁ፣
በካርቶን መሃል፣ እንዳይታጠፍ።
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ፣
ወደ ደህነኛው ዓይኑ አስጠጋው።
ጉንጩ ላይ ያለው ቦይ ሁሉ ይታያል፣
የሻርፑ ገመድ ያሰመረው አገጭ፣
በደፈረሰው ዓይን ውስጥ እንኳ አንዲት የብርሃን ነጥብ።
«ይሄ ሲልቬሪዮ ነው» አለ፣ «ሟች ወንድሜ።»
ቆይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣
«አይ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እንጂ።»
ሁለት ጊዜ አለው።

ከዚያ አውራ ጣቱ ከፊቱ ተነሥቶ
ከትከሻው ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ነጩ፣
ወረቀት ብቻ ወደቀረበት።
ቆሞ ፈለገ፤ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው።
«ያን ቀን ጠዋት የቆረጥኳቸው» አለ፣
«ሰማንያ ጡብ፣ እዚህ ነበሩ፣ ደርድሬያቸው።
የት አደረግሻቸው?»